ሁለት ግራ እግሩ

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ? ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ ማጎንበስሽን ትተሽ እንደሆነ ጻፊልኝ፤ እንደማትተዪ ባውቅም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

እንድጽፍልሽ ያደረገኝ የጫካው ነገር ነው። አባባ ይጠብቀው ወደነበረው ጫካ የላኩት እኔን ነው። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ የሚቆረጠውን ዛፍ እየቆጠርኩ ቀይ ቀለም እቀባለሁ፣ መጋዝ ከኋላዬ ይከተላል። ስምንት ሰዎች ይዤ ወንዙ ዳር ስንደርስ ሁሉም ቆሙ። ከዚህ ወዲያ የሁለት ግራ እግሩ ግዛት ነው አሉ።

ረስቼው ነበር ብልሽ ውሸት ነው። ዛፍ የሚያህል፣ ሁለቱም እግሩ ግራ የሆነ ፍጡር። ወደ ግራ እንጂ መዞር ስለማይችል ያገኘው ሰው ወደ ቀኝ ይሩጥ የሚባልለት። ሾፌራችን ሳቀባቸው። ‹ቀኝ እግር የሌለው ነገር ምን ያስፈራል? ቢሮጥም ክብ ነው የሚሠራው!› አለ። መጋዝ የሚይዘው ሽማግሌ ዞር ብሎ፣ ‹አንተ ሁለቱም እያሉህ መቼ ቀጥ አድርገህ ነድተህ ታውቃለህ?› አለው። ከዚያ ለእኔ፣ ‹አለቃ፣ መጋዙን ውሰድ፤ እግሬን ግን አልሰጥህም። ቅድመ አያቴ በዓይኑ አይቶታል› አለኝ።

ኃላፊዬ በስልክ፣ ብቻህን ገብተህ እይና ምንም እንደሌለ ፈርመህ ላክልኝ፣ ሰኞ ቆረጣው ይጀመራል አለኝ። ገባሁ።

ሆዱ ባዶ የሆነውን ትልቁን ዛፍ ታስታውሺዋለሽ። ቀለም ልቀባው ስጠጋ ቀዳዳው በጠፍጣፋ ድንጋይ ተዘግቷል። አነሳሁት። ዘይት በጠጣ ጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት የእንጨት እግሮች ወጡ፤ ጣቶቻቸው በመሮ የተፈለፈሉ፣ እያንዳንዳቸው ክንዴን የሚያህሉ። ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሁለቱም ግራ ናቸው።

አባባን በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት፣ እታለሜ። አንድ ንድፍ ቆርጦ፣ አንዱን በእሱ ጠርቦ፣ ለሁለተኛው መገልበጡን ረስቶ። የቤታችንን በር ማጠፊያ በተቃራኒው የገጠመ ሰው አልነበር? ወደ ቀኝ መሮጡ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። የሽማግሌው ቅድመ አያት አየው የተባለው ፍጡር ከእኔ በስድስት ዓመት ያንሳል።

ቀና ስል የዛፎቹ ጫፍ አይታይም። በዚያ አገር የቀረው ጫካ ይኸው ብቻ ነው። ያቆየው ደግሞ ፊሽካና ዱላ ብቻ የነበረው፣ ‹አውሬ አይቼ ሸሸሁ› ብሎ በማውራቱ ሰው ፈሪው ጥበቃ እያለ የሳቀበት፣ እኔም እስኪሞት ያፈርኩበት ሰው ነው።

ከዚያ የእንጨት እግሮቹን ማሰሪያ አየሁ። ቆዳው ጠባብ ነው፤ የእኔ እግር አልገባ አለ፣ የአባባማ አይሞከርም። የተሰፋው የትምህርት ቤት የደንብ ልብስሽን ጫፍ በሰፋሽበት አረንጓዴ ክር ነው። መጨረሻው ሦስት ጊዜ ተቋጥሯል። ሦስት ጊዜ የሚቋጥር ሌላ ሰው አላውቅም።

ርምጃው ግን አልገባኝ አለ። ልጆች ሳለን ወንዙ ዳር ጭቃው ላይ ሰው ሁሉ ባየው በፍጡሩ ሁለት ዱካዎች መካከል እኔ ብጋደም ይተርፈኝ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እንዴት ያን ያህል ትራመዳለች? ከጭቃው ጎን የተደረደሩትን ድንጋዮች ሳይ ገባኝ። ትልቅ ሰው በድንጋዮቹ ላይ እየተራመደ፣ ልጅ በብብቷ ይዞ እያነሳ ሊያሳርፍ ይችላል። ትስቂ ነበር? አባባስ? እኔ ውሃ ልንቀዳ ስንሄድ እጅሽን አልለቅ ስል፣ ‹ወደ ቀኝ ሩጥ፣ እሺ?› ማለት እንዴት አስቻለሽ? ለዚህ ትንሽ ቂም ይዤብሻለሁ። እኔንም ብትወስዱኝ ምን ነበር?

ስመለስ ሰዎቹ ምን አየህ አሉኝ። የቀለሙን ጣሳ ከደንኩት። ሽማግሌው ፊቴን አይቶ ቆቡን አወለቀ። እነሱ ካልገቡ የሚቆርጥ የለም። ለኃላፊዬም ወረቀቱን አልፈረምኩም።

የድሮዎቹ የእንጨት እግሮች ውስጣቸው በስብሷል፤ ሰው አይሸከሙም። አዲሱን እንጨት እኔ እጠርባለሁ፣ ማሰሪያውን ግን እንዳንቺ የሚሰፋው የለም። በሾፌሩ እጅ እስከ ዓርብ ላኪልኝ፤ ለምን እንደሆነ እንዳትነግሪው።

ፈጣሪ እጅሽን ይባርክልኝ፣ ዓይንሽን ያቆይልኝ።

የእግሬን ልክ በወረቀት ነድፌ እዚህ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። ተሳስቶ ነው እንዳትዪ፤ ግራዬን ነው ሁለት ጊዜ የነደፍኩት።

ወደ ቀኝ ይሮጥ የነበረው
ታናሽ ወንድምሽ