ሜሮን በር ላይ ስትጠብቅሽ

ይድረስ አፈር ለለበስሽው ለአስናቁዬ፤

እንደምን ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ በማን እጅ እንዳለሽ አውቃለሁ። ከተለየሽን ሰባት ወር ሞላ። ጎረቤቶች ደህና ናቸው፤ የኮልፌ ጭቃም እንዳለ ነው። የምነግርሽ ስለ ልጃችን ስለ ሜሮን ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ለቅሶሽ ጊዜ ሳንሱሲ ያለችው እህቴ ጋ ላክኋት። "ልጅ ለቅሶ አያይም" አሉኝ፤ እሺ አልኩ። እውነቱን ላንቺ ልንገርሽ፤ ድንኳኑ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው የተሰነጣጠቀ ቆዳዋ ላይ እንዳያፈጥ ፈርቼ ነው። አንቺ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ "ይሄ የማን እርግማን ነው?" የሚሉሽን ሴቶች "አብሯት የተወለደ በሽታ ነው፤ አይጋባም፤ ኑ ሳሟት!" እያልሽ ገበያ መሃል ይዘሻት ትሄጂ ነበር። እኔ ከኋላ ራቅ ብዬ ነበር የምከተላችሁ።

ሜሮን ከእህቴ ቤት ስትመለስ የእጇን አንጓ በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገች። ቅባት የምትቀቢያት አንቺ ስለነበርሽ፣ አንቺን የምትጠራሽ በዚያ ነው። ጆሮዋ አይሰማ፤ እኔ ደግሞ ሞትን በእጅ እንዴት እንደሚናገሩት አላውቅም። ወደ በሩ ጠቆምኩላት። ትመጣለች ማለቴ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ብርሃን ዓይኗን እየወጋት፣ ከሰዓት ከሰዓት በር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችሽ። ሳስገባት ተመልሳ ትወጣለች። በኋላ ለመድኩትና ተውኳት። ሐኪሙ የቀኝ ዓይኗ ቆስሎ ጠባሳ እንደያዘ ሲነግረኝ "ፀሐይና አቧራ ላይ ምን ታደርጋለች?" አለኝ። አሁን በቀኙ ጥላ ብቻ ነው የምታየው። ግራውም ያሰጋል ብለውኛል።

የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ፣ ግራው ሳይሄድ ብዬ፣ ከቅዳሴ በኋላ መቃብርሽ ጋ ወሰድኳት። አፍንጫዋ እስኪነካው ተጠግታ ፎቶሽን አየች። አንጓዋን አሸት አደረገችና መዳፏን አፈሩ ላይ ለጠፈች። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። አስናቁዬ፣ እንደዚያ ያየኝ ሰው የለም።

በር ላይ መቀመጡን ተወች። ሦስት ቀን እንድቀባትም አልፈቀደችም፤ ቆዳዋ ደማ። በአራተኛው ጠዋት ቅባቱን አምጥታ እግሯን ዘረጋችልኝ። ከአንገቷ ልጀምር ስል እጄን ይዛ ተረከዟ ላይ አሳረፈችው። ለካ አንቺ ከተረከዟ ነበር የምትጀምሪው! አስራ አንድ ዓመት አንድ ቤት ኖሬ አላየሁም።

ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ ይቅርታውን የምለምነው እሷን ነው። ምልክትሽን ግን ተምሬያለሁ። ጠዋት ከጸሎቴ በፊት አንጓዬን አሸት አሸት አደርግላታለሁ፤ እሷም ትመልስልኛለች። ግራ ዓይኗ ቢጠፋ እንኳ በራሷ አንጓ ላይ አደርገዋለሁ። ስምሽ እዚህ ቤት ሳይጠራ አይነጋም።

ባለቤትሽ ደበበ