የመኪናችን ማራገቢያና የእርስዎ ቸርነት

ለተከበሩ አቶ ዱዌይን ፍሪሰን፣
የጋራዡ የጥገና ክፍል ኃላፊ፣ የከተማችን ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣ በበረዶ ላይ ድንጋይ የማንሸራተት ጨዋታ ቡድናችን አለቃ፤

ክቡር ሆይ፣ ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ከርሟል? በዚህ ምራቅ መሬት ሳይደርስ በሚደርቅበት ብርድ ቢሮዎ ውስጥ በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ተቀምጠው ስለማገኝዎ ብዙም አልሰጋሁም። ያም ሆኖ ሙቀትዎ እንዳይጓደል እኔና ባለቤቴ ስላውካ ከልብ እንመኛለን። ይህን ደብዳቤ በሳምንታዊ ጋዜጣችን ማውጣቴ ለድፍረት አይቆጠርብኝ፤ ደጅዎ ድረስ ተመላልሼ ስናገር ያልሰሙኝ ጆሮዎ ቢደክም ነው፣ ዓይንዎ ይሻል ይሆናል ብዬ ነው።

እንደሚያውቁት ስላውካ በሳምንት ሦስት ቀን ሳስካቱን ከተማ ሄዳ የኩላሊት እጥበት ታደርጋለች። መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው፤ ነፋሱን የሚያግደው የአጥር ሽቦ ብቻ ነው። አሮጊቷ ፒክአፕ መኪናችን ሌሊቱን ሞተሯ እንዳይቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ተሰክቶላት ስለምታድር ጠዋት ሳታጉረመርም ትነሳለች፤ የማሞቂያዋ ማራገቢያ ግን ከገና ወዲህ የመጨረሻው ቁጥር ላይ ቢደረግም ሻማ የሚያጠፋ ትንፋሽ የለውም። የእኛው እስትንፋስ መስታወቱ ላይ ከውስጥ በረዶ ይሠራል፤ እኔ እነዳለሁ፣ እሷ ትፍቃለች። እርስዎ ስላደረጉልን እርዳታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስመጣ፣ ሙቅ ውሃ ወደ ማሞቂያው የሚያመላልሱት ሁለቱም የጎማ ቱቦዎች እጅ እንደሚያቃጥሉ፣ ስለዚህ ሙቀቱ እያለ የጠፋው ነፋሱ መሆኑን በትሕትና አስረዳሁ። እርስዎም በጥሞና ከሰሙኝ በኋላ የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ቀየሩልኝ። እግሩን ያመመውን ሰው ጥርሱን ነቅሎ መሸኘት እንዲህ በፍጥነት ሲከናወን ያየሁት በእርስዎ ጋራዥ ብቻ ነው።

፪. ሁለተኛ ስመጣ የማራገቢያውን ፍጥነት የሚመጥነውን ሬዚስታንስ ቀየሩ። እሱ ሲቃጠል ማራገቢያው ዝቅተኞቹን ቁጥሮች እምቢ ብሎ በከፍተኛው ላይ ብቻ እንደሚነፍስ በዚህ አገር ከትራክተር ላይ የወረደ ሁሉ ያውቃል፤ የእኛው ግን ከአንድ እስከ አራት እኩል ሰነፍ ነው። ደግሞም ከተሳፋሪው እግር በላይ "ድብ፣ ድብ" የሚል ድምፅ እንዳለው ነገርኩዎ። እርስዎም የሆኪውን ጨዋታ ሬዲዮ ሳይቀንሱ ራስዎን ወደ መኪናው አስግገው "እኔ ምንም አይሰማኝም" አሉ። እውነትዎን ነው፣ አይሰማዎትም።

፫. ሦስተኛ ስመጣ ነገሩን ከሥሩ መረመሩት፦ "አባባ፣ በእርስዎ ዕድሜ እኮ ሁሉም ነገር ይበርዳል! ካልሲ ደረብ ያድርጉ!" አሉኝ። ሠራተኞችዎም እንደ ወጉ ሳቁልዎ። ቀልድ ስለምወድ እኔም ሳቅሁ።

ቀልዴን ግን እዚህ ላይ ለጥቂት መስመር አቆማለሁ። በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ ከእህል ጎተራው አለፍ እንዳልን መስታወቱ ድፍን አለ። መንገዱና እርሻው አንድ ሆኑብኝ፤ ዳር ያዝኩ። የጭነት መኪና እያጓራ በጎናችን አለፈ። ስላውካ መፋቂያዋን ጥላ፣ "አንተ ሽማግሌ፣ የማይታይህን ምን ታፈጥበታለህ?" አለችና ባበጠው እግሯ ያንን የሚደበድበውን ቦታ በካልቾ አለችው። ማራገቢያው እንደ አጫሽ ሳለ፣ ተንደቀደቀ፣ ነፈሰም! "እንዲህ ነው ዱዌይንን ማናገር" አለች። እየረገጠች ሳስካቱን ገባን፤ ነገር ግን ዘግይተን ስለነበር የእጥበት ወንበሯ ለሌላ ሕመምተኛ ተሰጥቶ ነበር። ሳትታጠብ ተመለሰች። እስከ ቅዳሜ ጫማ እግሯን አላስገባም፣ ስትተኛም ትንፋሽ ያጥራት ነበር። ከሚስቴና ከማራገቢያው የማን ትንፋሽ ቀድሞ እንደሚያልቅ መለየት እስኪያቅተኝ ድረስ ተቀምጬ አዳመጥሁ፤ ካልሲ ደርቤ።

፬. አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ ልመለስ። እርሻ ታጭዶ አይጥ ሁሉ መኪና ውስጥ ቤት በሚፈልግበት በመኸር ወራት፣ ለደንበኞችዎ በነጻ የሚያድሉት ናዕና የታጨቀበት ከረጢት እንዳለ ከተማው ያውቃል። ሽታው አይጥ ያባርራል ተብሎ በራስዎ እጅ ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው የአየር መግቢያ ውስጥ አስቀመጡልን፤ ስላውካም ስለ ቸርነትዎ በጎመን የተጠቀለለ ሩዝ አንድ ትሪ ሙሉ አመጣችልዎ። ያስታውሳሉ፣ ትሪው ባዶውን ነው የተመለሰው።

የስላውካ ካልቾ በሽታው የት እንደሆነ ስላሳየኝ፣ እጥበቷን አግኝታ በተመለሰች ማግስት መጋዘን ውስጥ በጀርባዬ ተንጋልዬ ራሴን በተሳፋሪው በኩል ካለው የመኪናው ኪስ ሥር ሰደድሁ። ሦስት ብሎን ነው፤ እርስዎን ያቃተዎት ሦስት ብሎን ነው፣ ክቡር ሆይ። ማራገቢያው ደረቴ ላይ ወረደ። ስላውካ ባትሪ እያበራች "ምን አገኘህ?" አለችኝ።

"ዱዌይንን አገኘሁት።"

ከረጢትዎ ተስቦ ወርዶ በማራገቢያው ክንፎች መካከል ተወትፏል። አንዲት አይጥ ሆዱን ቀድዳ፣ ናዕናውን አውጥታ፣ የመቀመጫችንን ስፖንጅ ሞልታ፣ እንደ ሙሽራ ፍራሽ አዘጋጅታዋለች። በላዩ ላይ በቀይ ቀለም የታተመው ጽሑፍ ግን አንድ ፊደሉ አልተነካም፦ "ሙቀትዎ ግዴታችን ነው።"

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። የከተማው እኩሌታ ያንን ከረጢት ተሸክሞ በዚህ ብርድ ይነዳል፤ ነገ ማን መስታወቱ እንደሚደፈንበት አናውቅም። ደንበኞችዎን ጠርተው ከረጢቱን ባስገባው እጅዎ ያውጡት። ሥራ ቢበዛብዎ እኔ ተንጋልዬ አወጣለሁ፤ እርስዎ አጠገቤ ቆመው ባትሪ ያብሩ፣ ስላውካ ታሠለጥንዎታለች።

የማራገቢያችን ነፋስ ዛሬ ኮፍያ ከራስ ላይ ያወልቃል። ስላውካም ማክሰኞ ዕለት በሰዓቷ ደርሳ በወንበሯ ተቀመጠች።

በዝቅተኛው ቁጥር ላይ ሆኖ በከፍተኛ አክብሮት የሚያደንቅዎ፣ ካልሲ ደራቢው አገልጋይዎ፣
ኦረስት ዳኒልቹክ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ አይጧ በሕይወት አለች። ያን ዕለት ከፍራሿ ዘልላ ስትወጣ ስላውካ በባዶ የአይስክሬም ባልዲ ከድና ይዛት ነበር፤ በረዶ ላይ ልጥላት አንጀቴ እምቢ አለ። ዛሬ ጠዋት በጋራዥዎ ደጅ ሳልፍ ከአዲሱ መኪናዎ የፊት መስታወት ሥር የዚያው ከረጢት ጫፍ ብቅ ብሎ ስላየሁ፣ ፍራሿን ታውቀዋለች ብዬ እዚያው አስገባኋት። አደራ፣ ሙቀቷ ግዴታዎ ነው።