የአቮካዶ ዝገት

መጋቢት 14
ልብስ አጠብኩ። ዶሮዋ ዛሬም አልጋ ሥር ጣለች... ጎጆዋ ምን ጎድሎት እንደሆነ እንጃ። ከሰዓት ጓሮ ወርጄ አቮካዶዬን ሳየው ዋልኩ። ባለፈው ዓመት ሁሉም ባንድ ቀን በሰለ፣ ባንድ ቀን ጠቆረ። ፍኖተ ሰላም ጭማቂ ቤት ያላቸው እትዬ ዓባይነሽ ዘንድሮ የመጨረሻ ዕድል ሰጥተውኛል። እስከ ፋሲካ ተራ በተራ የሚበስል ካላመጣሁ ከሌላ ሰው ሊወስዱ ነው። አቮካዶን ተራህን ጠብቅ የሚለው ማን ነው?

መጋቢት 17
የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ሰርካለም መጣች። ፍሬ ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል አለችኝ። ሲበስል አየሩ ውስጡን ያስጨንቀዋል፣ ብረት እንደሚዝገው ያለ ነገር። ከዝገቱ የሚከላከሉ የራሱ ዘበኞችም አሉት፤ አንቲኦክሲዳንት ትላቸዋለች። እነሱ ሲደክሙ መለስለስ ነው፣ ከዚያ መጥቆር። ትንሽ ጭንቀትማ ያስፈልገዋል፣ ያለሱ አይበስልም አለች። እኔም እንደሱ ነኝ አልኳት፣ ካልጨነቀኝ ሥራ አልጀምርም። ሳቀች። ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡት ብላኝ ሄደች። በዚህ ፀሐይ ቀዝቃዛ ቦታ ከየት ይምጣ?

መጋቢት 18
ሽሮ ሳማስል መጣልኝ! ዝገት ከሆነማ መድኃኒቱን እናውቀው የለ። ማጭድ ሲቀመጥ ቅባት ይቀባል። ጾም ስለሆነ ቅቤውን ተውኩና ከቆረጥኩት አቮካዶ ግማሹን በኑግ ዘይት ስስ አድርጌ ቀባሁት። ግማሹ እንዳለ ተቀመጠ። ባሌ ገነነ በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣
«ዘንድሮ በአቮካዶ ልናጭድ ነው?» አለ።
ዝም አልኩት። ውሸቴን ነው፣ ልኩን ነገርኩት።

መጋቢት 24
ያልተቀባው ለሰለሰ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ላክሁት። የተቀባው ድንጋይ ነው! እየዞርኩ ስነካካው ዋልኩ። ሰርካለም መጥታ አየች። ዘይቱ ዝገት አይደለም የከለከለው፣ አየር ነው፤ አፍንጫውን ይዘውበት ነው አለችኝ። ደብተሯ ላይም ጻፈችው። እንግዲህ በተሳሳተ መንገድ ሄጄ ደርሻለሁ።

መጋቢት 28
ሰሙነ ሕማማት። ስግደት ዋልኩ፣ ጉልበቴ የለም። ገነነ ሳይጠየቅ ሠርቶ ጠበቀኝ። የተቀባው መለስለስ ሲጀምር አይቶ ደግሞ ቀባው፣ ሠላሳውን ካርቶን ውስጥ ደርድሮ በሚኒባስ ላከው። መረቅሁት።

መጋቢት 29
ምርቃቴን አንስቻለሁ።
ጠዋት ሳየው የዘይቱ ጠርሙስ ሙሉ ነው። የጎደለው ለፋሲካ ያስቀመጥኩት ቅቤ ነው።
«በምን ነው የቀባኸው?»
«በቅባት።»
«በየትኛው ቅባት?»
ኮርኒሱን አየ።
በሕማማት! ያን ጭማቂ የሚጠጣው ጾመኛ ነው። እትዬ ዓባይነሽ ስልክ አያነሱም። ዝም ብልስ ማን ያውቃል? ልጣጩ እንደሆነ ይጣላል... ቢላው ግን ይነካዋል። እጃቸውም። እኔስ አውቅ የለ? ሚኒባስ ያዝኩ።
ስደርስ ቢላ ይዘው ካርቶኑን ሊከፍቱ ነው።
«እትዬ፣ እንዳይነኩት። ቅቤ ተቀብቷል።»
ቤቱ ውስጥ ያለው በሙሉ ወደኔ ዞረ። ከስግደት ወጥተው ጥግ ላይ የተቀመጡ መሪጌታ «አቮካዶውም ገደፈ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እትዬ ዓባይነሽ አልሳቁም። አንዱን አንስተው አሸተቱ፣ መለሱት። «ካርቶንሽን ይዘሽ ሂጂ» አሉኝ። በቃ ይኸው ነው... የመጨረሻው ዕድሌ ጭኔ ላይ ሆኖ ቡሬ ቤቴ ገባሁ።

ሚያዝያ 1
ገነነ ሁለት ጊዜ ውኃ ቀዳ። አልጠየቅሁትም።

ሚያዝያ 6
እትዬ ዓባይነሽ ደወሉ! እንኳን አደረሰሽ ተባባልን፣ ስለ በጉ፣ ስለ ልጆቹ... ልቤ ሊፈነዳ ነው። በመጨረሻ፣
«የገደፉትስ እንዴት ናቸው?» አሉ።
በስለዋል፣ አንዱም አልጠቆረም አልኳቸው። ነገ ላኪያቸው፣ ሥጋ የከበደው ሰው ሁሉ ጭማቂ ጭማቂ እያለ ነው አሉኝ። ከእንግዲህም በየሳምንቱ ስልሳ!
ስልሳ? የኔ ዛፍ አይበቃም፣ የጎረቤቱንም ሰብስቤ ልቀባ ነው። ለምን እንደታረቁኝ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኋቸው።
«ከሌላው ስቀበል አሸትታለሁ፤ ካንቺ ስቀበል መጠየቅ ይበቃኛል» አሉ።
ለገነነ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣ «በኔ ቅቤ ነው እኮ የታወቅሽው» አለ።