ለጉም ዘጋኙ ወንድሜ

ይድረስ በድሬዳዋ ለሚኖረው ለውድ ወንድሜ ለአንለይ።

እንደምን ሰነበትህ? እንደምን ከረምህ? ያ የባቡር ጢስ ያመጣብህ ሳል ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከእኅታችን ከእቴ ታይቱ ዓይን በቀር ሁላችን ደኅና ነን። ናፍቆትህ ግን እንደ ፎገራ ጭቃ ነው፤ አንዴ እግር ከያዘ አይለቅም።

የእቴ ታይቱን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ግራ ዓይኗን ሞራ ከሸፈነው ሰንብቷል፤ ቀኙም ካለፈው ክረምት ወዲህ እየደበዘዘ ነው። ጎንደር ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት «የዓይኔን ብሌን በመርፌ አላስነካም» ብላ እንቢ አለች። ስለዚህ ጨርሶ ሳይጨልምባት አንድ ነገር ላሳያት ቆረጥሁ። ምን እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ።

አውድማ ስንጠብቅ ጭድ ላይ በጀርባችን ተጋድመን ሰማይ የምናይበት ጊዜ ትዝ ይልሃል? ሜዳው ገደብ ስለሌለው ከዋክብቱ እስከ ምድር ጫፍ ይወርዱ ነበር፤ በጣና በኩል ያሉትማ ውሃ ሊጠጡ ያጎነበሱ ከብቶች ይመስሉ ነበር። አንተ ከሦስቱ ተርታ ከዋክብት በታች እየጠቆምህ «እዚያ ጉም አለ» አልህ። እኔ አልታየኝም። እቴ ታይቱም «ሰማይ ላይ ጉም የሚዘግን ወንድም ሰጠኝ» ብላ ሳቀች፤ በማግስቱ ለጎረቤት አወራችና ስምህ ጉም ዘጋኝ ሆኖ ቀረ። በማይጨበጥ ነገር የሚደክም ሰው መጠሪያ ነውና ሲከፋህ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ጠርታህ አታውቅም። ዛሬም «ከጉም ዘጋኝ ደብዳቤ መጣ ወይ?» ነው የምትለኝ።

ጎንደር ሳስተምር ከአንድ ሕንዳዊ ባልደረባዬ ጋር መስተዋት እየሞረድሁ የከዋክብት መነጽር መሥራት መማሬን ጽፌልህ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ትልቁን ጨረስሁ። የመስተዋቱ ወርድ ስንዝር ተኩል ነው። ቱቦውን አያ ደብሬ ቀጥቃጩ ከበርሜል ቆርቆሮ ጠቅልሎ ሠራልኝ፤ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። የወረታ ሰው «የመምህሩ መድፍ» ይለዋል። በእርሱ ሳይ ጉምህን አገኘሁት። እውነትህን ነበር።

ችግሩ መብራቱ ነው። ወረታ አንተ የምታውቃት ወረታ አይደለችም። ወይዘሮ ሸዋነሽ የምትባል ባለ ሆቴል የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገነጠልበት ላይ በሞተር የሚበራ ትልቅ አምፖል ግንድ ላይ ሰቅላለች። ግቢዬ ከሆቴሏ ጀርባ ስለሆነ ሰማዩ እንደ አሬራ ነጥቶ ያመሻል። መድፉን ወደ ሜዳ እንዳልወስደው ሸክሙ አይቻልም፤ የእቴ ታይቱም ጉልበት መንገድ አይችልም። እዚያው በርጩማ ላይ አቁሜ ባሳያት ምንም ሳይታያት ወረደች። «አሁንስ ሁለት ሆናችሁ» አለችኝ።

ሸዋነሽ ለአንድ ምሽት መብራቱን እንድታጠፋልኝ መለመን ነበረብኝ። ባሏ የሞተባት ሴት ቤት፣ እኔም ሚስቴ የሞተችብኝ ሰው፣ ብቻዬን መሄድ አሳፈረኝና አለቃ መንግሥቴንና አያ ደብሬን ላክሁ። ስሕተቴ ይህ ነበር። ሽማግሌ ጋቢውን ለብሶ፣ ካልሰማሽን አንቀመጥም ብሎ በር ላይ ሲቆም ምን እንደሚመስል አይጠፋህም። አለቃ ደግሞ ነገር አሳምራለሁ ብለው «መምህር የላኩን ስለ ብርሃንሽ ነው» ብለው ጀመሩ። ሸዋነሽ በነጠላዋ አፏን ሸፍና «ኧረ በሁዳዴ! ፋሲካ እስኪውል እንኳ አልቻሉም?» አለች። አያ ደብሬ ሳቁ አምልጦት «እቴ፣ የፈለጉት አምፖልሽን ነው!» አላት። «ለአምፖል ነው ጋቢ የደረባችሁት?» ብላ ተቆጣች። የእቴ ታይቱን ዓይን ሲያነሡላት ግን ቁጣዋ በረደ። የእርሷም እናት ሞራ አሳውሯቸው ነበር ያረፉት።

እሑድ ገና ራት ሳይቀርብ ሞተሩ ቀጥ አለ። አንድ ሾፌር ከመንገድ ላይ «ወረታ ወዴት ሄደች?» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። ጨረቃም አልነበረች። ቀና ብል የአውድማችን ሰማይ እንዳለ ተመልሷል፤ በዚያች ሰዓት የጤፍ ጭድ የሸተተኝ መሰለኝ። ምስሉ እንዳይርገበገብ መስተዋቱ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁና እቴ ታይቱን ደግፌ አቆምኋት። «ቀጥታ አትይው እቴ፣ ደብዛዛ ነገር የሚታየው በጎን ነው፤ ጎን ጎኑን እዪ» አልኋት። ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀኝ እጇን ቀስ አድርጋ ወደ ጨለማው ዘረጋችና፣ ከእንስራ ዱቄት እንደሚዘግን ሰው ጨበጠች። «አለ» አለች። «ጉሙ አለ።»

አለቃ መንግሥቴ ይባርኩሃል። አያ ደብሬ እጅ ነሥቷል። ልጄ ማንጠግቦሽና የእቴ ታይቱ ልጅ አገኘሁ ጉልበትህን ስመዋል። ሸዋነሽም ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች። ለሽማግሌዎቹ በመጨረሻ «ለመብራቱ እሺ፤ ለቀረው ከፋሲካ በኋላ ራሳቸው ይምጡ» ብላቸዋለች። ይህችን መስመር ለልጆችህ አታንብብ።

እቴ ታይቱ አጠገቤ ተቀምጣለች። እንደ ልማዷ ሰላምታዋን ለጉም ዘጋኝ ልጽፍ ስል እጄን ያዘችው። «ለአንለይ በልልኝ» አለች።

ወንድምህ አያልነህ
ወረታ፣ የካቲት ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.