ሬዲዮህ አልተበላሸም

አምቦ፣ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.

ውድ ጂራ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።

ሬዲዮህን ቦንሳ ማክሰኞ ዕለት አድርሶልኛል። የአክስትህ ልጅ መቼም አደራ አይበላም፤ ሚኒባሱን በራችን ላይ አቁሞ ቦርሳውን በሁለት እጁ ነው ያስረከበኝ። ብጣሽ ወረቀትህንም አነበብኩ። «አያንቱ፣ ደንዲ ተራራ ላይ ሦስት ሰው ካገኘሁ በኋላ ደነቆረብኝ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ተጣርቼ አንድም ድምፅ አልሰማሁም። የመቀበያው ክፍል ሳይሆን አይቀርም። ካንቺ እጅ በቀር የሚያውቀው የለም» ትላለህ። ወደ አምስት ዓመት ገደማ እንዴት ነሽ ያላልከኝ ሰውዬ፣ ሬዲዮህ ሲታመም ትዝ አልኩህ።

በአባቴ የጥገና ጠረጴዛ ላይ ፈታሁት። እያንዳንዱን ብየዳ አየሁ፤ ሽቦውን ለካሁ፤ ባትሪውን ሞልቼ ሞከርኩት። ምንም የለበትም። እኔ ያስቀመጥኩት ሁሉ እንዳስቀመጥኩት ነው ያለው። ታዲያ ለምን ማንም አልመለሰልህም ትል ይሆናል። እሱን ልነግርህ ነው የምጽፈው፤ ግን ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ሌላ የምልህ አለ። የመጣህበትን ነገር ብቻ ሰምተህ እንድትሄድ አልፈልግም።

በ2009 ክረምት አዲስ አበባ ወርደህ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ይዘህ የተመለስክ ጊዜ ታስታውሳለህ? አንተ ሂሳብ፣ እኔ ፊዚክስ እያስተማርን፣ በመምህራን ክፍል አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው። «ትንሽ ሬዲዮ ተሸክመሽ ተራራ ጫፍ ትወጫለሽ፤ ሽቦ ትዘረጊያለሽ፤ ትጣሪያለሽ። የመለሰልሽን ሰው በደብተር ትጽፊያለሽ። አራት ሰው ከመለሰልሽ ተራራው በስምሽ ይመዘገባል» አልከኝ። «ሦስት ከሆነስ?» ስልህ፣ «ሦስት ከሆነማ ሽርሽር ነው» ብለህ ሳቅህ። በዚያ ሳቅ ነው የተሸነፍኩት፤ ምን አባቴ ልበል።

ፈቃድ ነበረህ፤ እጅ ግን አልነበረህም። ከሰው የገዛኸው ሬዲዮ ግማሹ የሞተ ነበር። ከሞት ያስነሳሁት እኔ ነኝ። አባቴ ኦቦ ፈዬራ ከገበያው ጀርባ ሠላሳ ዓመት ሬዲዮ ሲጠግን በጉልበቱ ሥር ያደግኩ ልጅ ነኝና። አንቴናውን ከኤሌክትሪክ ሽቦ ለክቼ የቆረጥኩት፣ ማቆሚያውን ቀርከሃ የመረጥኩት፣ የሞተር ሳይክል ባትሪ ከፈረስ ጀርባ ሳይወድቅ የሚታሰርበትን ኮሮጆ የሰፋሁት እኔው ነኝ። ይህን የምቆጥረው ምስጋና ፈልጌ አይደለም። ምስጋናማ ድሮ ነበር የሚያምረው።

ወንጪ የመጀመሪያችን ነበር። ፈረሱን ያከራዩን ኦቦ ሌንጂሳ ባትሪያችንን አራግፈው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቁጭ ብለው ሲያዩን ነበር። አንድ የናይሮቢ ሽማግሌ ሲመልስልን አንተ ዘለህ ገደል ልትገባ ነበር!

«ማነው እሱ?» አሉ ኦቦ ሌንጂሳ።

«ኬንያዊ ነው፣ ኦቦ።»

«ምን አለ?»

«ስሙን ነገረን፤ ስማችንን ነገርነው፤ ድምፃችን በደንብ እንደሚሰማ ነገረን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ደህና ሁኑ ተባባልን።»

«ለዚህ ነው ይኼን ሁሉ ዳገት የወጣችሁት? እኔ ቤት ብትመጡ ደህና ሁኑ እላችሁ አልነበር?»

ያን ቀን እስከ ማታ ሳቅን። ግን ኦቦ ሌንጂሳ ሌላም ነገር ጠይቀው ነበር፤ አንተ ሽቦ ልትጠቀልል ስትሄድ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የምታወሪው አንቺ ነሽ፤ የምትጠሪው ግን የእሱን ስም ነው። ለምንድነው?» አሉኝ። ደንቡ እንደዚያ ነው አልኳቸው። ፈቃድ የሌለው ሰው ባለፈቃዱ አጠገብ ቆሞ፣ በባለፈቃዱ የጥሪ ምልክት፣ ማለትም በአየር ላይ መለያው፣ መናገር ይችላል። እሱ እውነት ነው። «ስምሽንም አትናገሪ፤ ደብተሩ ይምታታል» ያልከው ግን ደንብ አልነበረም፤ የራስህ ፈጠራ ነው። ኋላ አጣርቻለሁ።

እናም ዘጠኝ ተራራ ላይ «ስሜ ጂራ ነው» አልኩ። ናይሮቢ ያሉት ሽማግሌ በሦስተኛው ጊዜ፣ «እንደ ሴት የምታወራው ጂራ፣ እንኳን ደህና መጣህ» ብለው ሳቁብኝ። አንተም ሳቅህ። እኔም አብሬያችሁ ሳቅሁ። አንተ እንግሊዝኛው በአየር ላይ ይጠፋብህ ነበር፤ ስትደነግጥ ማይክሮፎኑን እጄ ላይ ጥለህ ትሸሻለህ። ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች በራስህ አፍ ያገኘሃቸው ስንት እንደሆኑ ታውቃለህ? እኔ አውቃለሁ፤ ግን ሆድ ይፍጀው።

የእኔ ፈቃድስ? ቅጹን የሞላሁት ከወንጪ በፊት ነው። ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ የዲግሪዬን ኮፒ፣ የትምህርት ቤቱን የድጋፍ ደብዳቤ አያይዤ ለአንተ ሰጠሁ፤ በየወሩ አዲስ አበባ የምትመላለሰው አንተ ነህና። «አስገብቻለሁ።» «እየታየ ነው።» «ታገሺ፣ አመልካቹ ብዙ ነው።» ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሁለት ዓመት ተኩል እንዲህ ጠበቅሁ፤ አንድ ቀን አልጠረጠርኩህም።

መጋቢት 2012። ወደ ካቺሲ በሚወስደው መንገድ ያለው ኮረብታ ላይ ነን። የበልግ ዝናብ ድንገት ወረደብን። ደብተሩን አስደግፌ የምጽፍበት ሰሌዳ ትዝ ይልሃል? ወፍራም ወረቀት አነባብረህ፣ በላስቲክ ጠቅልለህ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ያሸግከው? «ዝናብ አይበግረውም» ብለህ የሰጠኸኝ? ያን ቀን ፕላስተሩ ለቀቀ። ላድርቀው ብዬ ብከፍተው ፎቶዬ ወጣ። የራሴ ፊት፣ በስቴፕለር እንደተያያዘ። ከሥሩ ቅጹ፣ ከሥሩ ዲግሪዬ፣ ከሥሩ የድጋፍ ደብዳቤው። ጂራ፣ ስምህን በየተራራው የጻፍኩት በራሴ ማመልከቻ ላይ ተደግፌ ነው።

ምን አልከኝ? ዝናቡ ራስህ ላይ እየወረደ ሽቦ ትጠቀልላለህ፤ የተጠቀለለውን እንደገና ትፈታለህ። «ተናገር እንጂ!» ብዬ ስጮህ ነው ቀና ያልከው።

«ፈርቼ ነው።»

«ምኑን?»

«ፈቃድ ካወጣሽ ከእኔ ጋር ለምን ትወጫለሽ? የራስሽን ሬዲዮ ትሠሪያለሽ። እኔ ምን አለኝ?»

ያን ጊዜ ባለቅስ ደስ ይለኝ ነበር። እንባው እንኳ አልመጣ አለኝ። ሌላ ሰው ቢሰማው ይህ ፍቅር ነው ይል ይሆናል፤ እናቴ ብላለች። እኔ ግን ጂራ፣ አብሬህ ለመውጣት ፈቃድ ማጣት አያስፈልገኝም ነበር። ብትጠይቀኝ ኖሮ እስከ እርጅና አብሬህ ዳገት እወጣ ነበር። አልጠየቅከኝም። ቆልፈህ ማስቀመጥ ቀለለህ።

ዓመቱ ሳያልቅ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርክ። እኔ መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን ጠብቄ፣ ያንኑ የደረቀ ቅጽ ገልብጬ ራሴ ወሰድኩ። በመስኮቱ ያለችው ልጅ ስሜን ፈልጋ፣ «በዚህ ስም ከዚህ በፊት የገባ ማመልከቻ የለም» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። በ2014 የራሴ የጥሪ ምልክት ወጣልኝ። ቤት ገብቼ ለአባቴ በሬዲዮ ጠርቼ አሰማሁት። አልጋ ላይ ነበር፤ እጁን ብቻ አነሳልኝ።

አሁን ወደ ደንዲ ልምጣ።

ቅዳሜ አሥረኛ ተራራህን እንደምትወጣ፣ አሥር ከሞላህም የአማተር ሬዲዮ ማኅበሩ ምስክር ወረቀት እንደሚሰጥህ በቴሌግራም ቡድናችሁ ላይ ጻፍክ። እኔም እዚያ ቡድን ውስጥ አለሁ፤ ዝም ብዬ ነው የማነበው። አሰብኩት። ከወንጪ ጠርዝ ደንዲ ይታያል። ሬዲዮዬን ይዤ ብወጣ፣ በራሴ ምልክት ብመልስልህ፣ ደንብ ነውና በደብተርህ ትጽፈኛለህ። አያንቱ ብለህ፣ በራስህ እጅ። አንዲት መስመር ትበቃኝ ነበር። ቂሜን እዚያው ጥዬ ልወርድ ቆርጬ ነበር የወጣሁት። እመነኝ፤ አሁን መዋሸት ምን ይረባኛል?

ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ድምፅህ መጣ። ከጎኔ እንደቆምክ ያህል ጥርት ብሎ። እንደ ድሮው ፈረስ አከራይተውኝ አብረውኝ የወጡት ኦቦ ሌንጂሳ እንኳ አወቁህ፤ «ጂራ አይደለም እንዴ?» አሉ። አንድ ሰው አገኘህ፣ ሁለተኛ አገኘህ። ሦስተኛው ወንድወሰን ነበር፣ የማኅበሩ ሰው። ማይክሮፎኔን ይዤ ተራ እየጠበቅሁ ነው። ወንድወሰን እንኳን ደስ አለህ ብሎ ጠየቀህ፦ «ያንን ሁሉ ተራራ ከማን ጋር ወጣኸው?»

«ብቻዬን» አልክ።

ትንሽ እንኳ አልተደነቃቀፍክም። ብቻዬን።

ከዚያ አራተኛ ሰው ፍለጋ መጣራት ጀመርክ። አሥር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ። ነፋሱ ማይክሮፎንህ ውስጥ ሲያፏጭ ይሰማኛል፤ ጣቶችህ እንደደነዘዙ ከድምፅህ አውቄያለሁ። ኦቦ ሌንጂሳ መቀመጥ አቃታቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ማሎ፣ እባክሽ መልሺለት።»

«አይሰማኝም፣ ኦቦ።»

«እኔ የሰማሁትን አንቺ አልሰማሽም? የሚጣራን ሰው ሰምቶ ዝም ማለት ነውር ነው። ገደል ገብቶ ቢሆንስ?»

እሱንም ያስተማርከኝ አንተ ነበርክ። ተራራ ላይ ሆኖ የሚጣራን መመለስ የመጀመሪያው ሕግ ነው ብለህ። ገደል እንዳልገባህ አውቅ ነበር፤ ደህና ነበርክ፤ አሥረኛህን ብቻ ነበር የፈለግከው። ቢሆንም አፍሬያለሁ። ቁልቁለቱን ወርደን ስንጨርስ ሽማግሌው የፈረሱን ኪራይ አልቀበልም ብለው ፊታቸውን አዞሩ። አንተ ሁለት ዓመት ተኩል የሠራኸውን እኔ በአርባ ደቂቃ ሠራሁት። ይቅርታ አልጠይቅህም፤ ይቅርታም አላደረግኩልህም። ግን ሬዲዮው ላይ እንዳትፈርድበት፤ እሱ ምንም አላጠፋም።

ነገ ቦንሳ ሲመለስ ይዞልህ ይመጣል። ከቦርሳው ውስጥ ደብተርህን አግኝቻለሁ። የደንዲ ገጽ ላይ ሦስት መስመር ተሞልቷል፤ አራተኛው ባዶ ነው። ባዶ መተው አልወድም፤ የድሮ ልማዴ ነው፤ ስለዚህ የጥሪ ምልክቴን ከፊት ጽፌ በእጄ ሞልቼዋለሁ፦ «ከረፋዱ 5፡20። አያንቱ ፈዬራ፣ ወንጪ። ጥርት ብሎ ተሰምቷል። መልስ አልተሰጠም።»

እንደማይቆጠር አውቃለሁ። የእኔም አልተቆጠረም።

አያንቱ ፈዬራ