የበረኛው ወንፈል

መስከረም 24 ቀን 1959 ዓ.ም.

ማክሰኞ። የተለየ ነገር የለም። ጠዋት ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ወረፋ ለሚጠብቁት ስለ ውሃ አስተማርኩ። ሰውና ከብት ከአንድ ምንጭ መጠጣት እንደሌለባቸው፣ በሽታው ከየት እንደሚመጣ... በጥሞና አዳመጡኝ። ስጨርስ አንዲት ሴት "የዓይን መድኃኒትስ ይዘሃል?" አለችኝ። ያን ሁሉ የተናገርኩት የት ገባ?

ከሰዓት በኋላ ኳሴን ይዤ ወደ ጓሮ። ግድግዳውን እመታለሁ፤ ስትመለስ እይዛለሁ። በግራ፣ በቀኝ፣ ወድቄ። ለብቻ ከዚህ የተሻለ ልምምድ የለም። የክሊኒኩ ዘበኛ በየቀኑ "ግድግዳው ምን አደረገህ?" ይለኛል። የኳሷ የውስጥ ጎማ፣ ከመነዳሪዋ፣ ደግሞ ትተነፍሳለች። እዚህ ወረታ መንፊያ ያለው አንድ ባለሱቅ ብቻ ነው፤ እሱም ፊቱን ማጥቆር ጀምሯል።

እስኪ ልጻፈው፣ ሐሳቤ እንዲሰበሰብ። ከጎንደር ጤና ኮሌጅ ለተግባር ልምምድ የተላክሁት እስከ ኅዳር አጋማሽ ነው። መምህራችን አቶ አያልነህ ከኮረብታው ሥር ያለችውን ምንጭ አሳይተውኝ "ይቺ በድንጋይና በሲሚንቶ ተገንብታ፣ ውሃዋ በቧንቧ ሲወርድ ካላየሁ አታልፍም" ብለዋል። የዋንጫው ጨዋታ ደግሞ ጥቅምት 23 ነው፣ በዘውድ በዓል፤ የኛ ኮሌጅ ከከተማው ቡድን ጋር። አሰልጣኙ "ዋዜማውን ከቡድኑ ጋር ካደርክ ቦታህ ቦታህ ነው" ብሎኛል። አምና ክንዴ ወልቆ አለፈኝ። ዘንድሮ እንዲያልፈኝ አልፈልግም።

ስለዚህ ምንጩን ከዚያ በፊት መጨረስ። አይከብድም። የደብረ ታቦር ልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፤ የማንም ውለታ ሳይኖርብኝ እዚህ ደርሻለሁ። አባቴም ሲመክረኝ "ከሰው እጅ አትግባ" ነበር የሚለኝ።

መስከረም 29

እሑድ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሳይበተን ቆሜ ተናገርኩ። ለምንጩ የሚቆፍር፣ ድንጋይ የሚያመላልስ ሰው እፈልጋለሁ አልኩ። ተስፋ ልቆርጥ ስል አያ አለኸኝ ተነሡ። ሽበታም ገበሬ ናቸው፣ የሚሉት ይሰማል።

"ስንት ቀን ነው የሚፈጅ?"

"ሰው ከበዛ ሦስት ቀን።"

"አንተስ ጤነኛ ነህ? ወገብህ ደህና ነው?"

"ጤነኛ ነኝ። ኳስ ተጫዋች ነኝ እኮ።"

ከትከሻዬ እስከ እግሬ አዩኝ፣ በሬ እንደሚገዛ ሰው። "በል እንግዲህ፣ ከነገ ወዲያ እንወጣልሃለን" አሉ።

ወገቤን ለምን ጠየቁኝ? እንጃ። ብቻ ደስ ብሎኛል።

ጥቅምት 1

መጡ! ሴቱም ወንዱም። ወንዶቹ ይቆፍራሉ፣ ይፈነቅላሉ። እትዬ ድንቅነሽ የሚባሉ ቀጭን ሴት ድንጋዩን በጀርባቸው ያመላልሳሉ። ባላቸው በወባው ዓመት ነው የሞተባቸው አሉ። "እትዬ፣ አነስ ያለውን ይያዙ" ብላቸው "አነስ ያለውን ለአንተ ትቼልሃለሁ" ብለው ሳቁብኝ።

ሲሚንቶው እጄን ፈጀው። የበረኛ እጅ! መጠንቀቅ አለብኝ።

ጥቅምት 3

ግንቡ አለቀ። ቧንቧው ገባ። ከደስታዬ ብዛት ድንጋይ ላይ ወጥቼ የምስጋና ንግግር አደረግሁ። ስለ ሕዝብ ትብብር፣ ስለ አገር ጤና... እርስ በርስ ተያዩና ሳቁ።

"ምን ያመሰግነናል ይኼ" አሉ አያ አለኸኝ፣ "ወንፈል አይደለም ወይ?"

ወንፈል? ወንፈልማ አውቃለሁ። አንተ ለእኔ አንድ ቀን ትሠራለህ፣ እኔ ለአንተ አንድ ቀን እመልሳለሁ። ግን...

"ምንጩ የናንተ አይደለም እንዴ? የምትጠጡት እናንተ!"

"ምንጩማ ከአያቶቻችን ጀምሮ ሲያጠጣን ኖሯል። ግንቡን የፈለግህ አንተ ነህ። ለፈተናህ አይደለምን?"

እውነታቸውን ነው፤ ለፈተናዬ ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ ደቦ መስሎኝ! ደቦ ቢሆን ድግሱ የት አለ? አንድ ቅል ጠላ እንኳ አላቀረብኩም። እንዴት ይህ ሁሉ ሰው ከመሬት ተነሥቶ ይሠራልኛል ብዬ አመንኩ? ወገቤ የተጠየቀው ለካ ለዚህ ነው።

እዚያው ቆመው ቀኖቼን ተከፋፈሉኝ። ከሁሉ ቀድመው የመረጡት እትዬ ድንቅነሽ ናቸው። የገብስ አጨዳ። "ጥቅምት 22" አሉ።

የዋንጫው ዋዜማ! "በሌላ ቀንስ?"

"19 ገብርኤል፣ 20 ሰንበት፣ 21 ማርያም። 23 ጊዮርጊስ፣ 24 ተክለ ሃይማኖት። ከ19 በፊት ብለው አልደረሰም፤ ከ24 በኋላ ብለው ይረግፋል። መሐል ያለችው 22 ናት። ምነው፣ አገርህ ታቦት የለም?"

ሁሉም በዚያች ቀን የየራሱን ያጭዳል። 22 ጠዋት ደግሞ እኔ መኪና ላይ መሆን አለብኝ።

ጥቅምት 8

የሽምብራ ማሳ ላይ ጓል ስከሰክስ ዋልኩ። ውሃው ከፎገራ ሜዳ ሸሽቷል፤ ጥቁሩ አፈር ከእግር ጋር ይነሣል። አያ አለኸኝ ከጎኔ ነበሩ።

"ኳሱ ላይ አንተ ሥራህ ምንድን ነው?"

"በረኛ ነኝ። እንዳይገባ እጠብቃለሁ።"

"ሌላው ሲሮጥ አንተ ቆመህ?"

"አዎ።"

"የማሽላ ጠባቂ ነህ በለኛ። ወንጭፍ የለህም እንጂ።"

ስንት ሰው ፊት ሳቁብኝ። ማታ መጽሐፍ ከፈትኩ፤ ሁለት ገጽ ሳልዘልቅ እንቅልፍ ወሰደኝ። ኳሷን ዛሬ አልነካኋትም።

ጥቅምት 16

የጭነት መኪና ሾፌሩ አዛናው ከጎንደር መልእክት ይዞልኝ መጣ። ከአበረ ነው። ሁለተኛው በረኛ፣ አንድ ክፍል ነው የምናድረው። "ብቻዬን በሩ ላይ መቆም ፈርቻለሁ፣ ቶሎ ና በለው" ብሎታል። አዛናው 22 ጠዋት ከባሕር ዳር ሲመለስ ሊጭነኝ ቃል ገባ።

በቀጥታ ወደ እትዬ ድንቅነሽ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ዋንጫውን፣ አምና ክንዴ መውለቁን... ማጭዳቸውን እየሞረዱ አዳመጡኝ።

"በሌላ ሰው ይተኩልኝ፣ እኔ እከፍላለሁ" አልኩ።

"ወንፈል በብር አይመለስም። ሰው መላክ ግን ትችላለህ፤ እሱ ደንብ ነው። ሰው አለህ?"

የለኝም። በዚያ ቀን ማን ሥራ ይፈታል?

"እንግዲህ ሂድ" አሉ። አልተቆጡም። "ልጅ ነህ፣ ጨዋታህ ነው። እኔስ ለምጄዋለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሰው የሚመጣልኝ የራሱን ሲጨርስ ነው፤ እስከዚያ ግማሹ ይረግፋል። ያን ድንጋይ የተሸከምኩት አንድ ዓመት እንኳ ተራዬን ቀድሜ ልያዝ ብዬ ነበር።"

ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ጥቅምት 18

እሄዳለሁ። አልሄድም። እሄዳለሁ።

ክሊኒኩን ዞርኩ፣ ገበያውን ዞርኩ፤ ሰው የለም። ለሁሉም ገብሱ ደርሷል። እኔ ብሄድ ማን ይወቅሰኛል? ግንቡ ቆሟል፣ ፈተናዬን አልፋለሁ፣ ከዚያ ወረታ የት፣ እኔ የት።

ግን በየቀኑ ከዚያ ምንጭ አጠገብ ሳልፍ የትኛውን ድንጋይ እትዬ ድንቅነሽ እንዳመጡት አውቃለሁ። ከታች ያለው ሰፊው።

ለአዛናው ነገርኩት። "አበረ ይቁም በላቸው። እኔ 23 ጎህ ሲቀድ መኪና ካገኘሁ እደርሳለሁ።" አዛናው አፍጥጦ አየኝ። "ለገብስ?" አለ። ለገብስ።

ጥቅምት 22

አጨድን። እጄ ብዕር አይዝም። ነገ በጠዋት መንገድ ዳር እወጣለሁ።

ጥቅምት 23

አልደረስኩም።

ትናንት ልጀምር። የእትዬ ድንቅነሽ ማሳ መንገዱ ዳር ነው። ረፋድ ላይ የአዛናው መኪና መጣ፤ ቀስ አለ፣ ጥሩምባውን ነፋ። ቀና አልኩ። ማጭዴን አነሣሁለትና አጎነበስኩ። ወገቤ! ስለ ወገቤ ዋሽቼ ነበር። ጣቴን ቆረጥኩ፣ እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ አሰሩልኝ። እሳቸው ሦስት ነዶ ሲያስሩ እኔ አንድ። ማንም አልመጣልንም፤ ሁለታችን ብቻ። ሲመሽ ግን አልቆ ነበር። ክምሩን ዞረው አዩት፣ ደግመው ዞሩት። "ዘንድሮስ በተራዬ ታጨደልኝ" አሉ።

ዛሬ ገና ሳይነጋ ከመንታ መንገዱ ላይ ቆምኩ። በዓል ነው፣ መኪና የለም። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ስትደርስ አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና መጣ፣ ሾፌሩ "ጎንደር ለማታ እንኳ ብንደርስ ነው" አለኝ። ተመለስኩ።

ጊዮርጊስ ነውና ማጭድ አይያዝ፣ ድንጋይ አይነሣ። ሰው ሁሉ ቤቱ ነው። ምንም የምሠራው የለም። ከሰዓት በኋላ ጓሮው ውስጥ ተቀምጬ "አሁን ገቡ... አሁን ተጀመረ... አሁን ዕረፍት ነው" ስል ዋልኩ። አለቀስኩ። ማንም አላየኝም። እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው?

ጥቅምት 26

አዛናው ከመኪናው ሳይወርድ ጮኸ። "አንድ ለዜሮ! አበረ ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ! በትከሻ ተሸክመው ከተማውን አዞሩት!"

"ጎሽ!" አልኩ። ዘለልኩ። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኛል።

ግን... ቢሸነፉ የሚወድ አንድ ሰው ውስጤ ነበር። ያ ሰው እኔ ነኝ። "ያለ እሱ አይሆንም" እንዲሉ ፈልጌ ነበር። ያለ እኔም ሆነ። ኳሷን አወጣሁና ግድግዳውን መታሁ፣ መታሁ።

ኅዳር 6

አቶ አያልነህ በላንድሮቨር መጡ። ግንቡን መቱት፣ ቧንቧውን ጎነበስ ብለው አዩ፣ ውሃውን በጠርሙስ ቀዱ። ሴቶች ወረፋ ይዘው ነበር። ከብቶቹ ከታች፣ በተለየላቸው ገንዳ።

"ባለሙያ ቀጥረሃል?"

"የለም፣ በወንፈል ነው።"

"በምን መለስክ?"

እጄን አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩት። "የተግባሩን አልፈሃል" አሉ። "የጽሑፉ ፈተና ሰኞ ኅዳር 19 ነው። ኳስ ነው፣ ገብስ ነው እያልክ እንዳትወድቅብኝ።"

ኅዳር 9

ማንበብ። ጠዋት ጠዋት ምንጩ አጠገብ ተቀምጬ አነባለሁ። ውኃ የሚቀዱት "ዛሬስ ምን ይላል?" ይሉኛል። አነብላቸዋለሁ። ይገባቸዋል። ከክሊኒኩ ደጃፍ ይልቅ እዚህ ይሰሙኛል። ዛሬ አንዷ ለልጇ የምትሰጠውን ውሃ ማፍላት ይገባት እንደሆነ ጠየቀችኝ! እኔ ሳልጀምር!

ኅዳር 16

ዛሬ የመጨረሻው ወንፈሌ ነበር፣ የአያ አለኸኝ ጤፍ። ነገ ጎንደር።

ትናንት ከአዛናው መኪና ላይ አበረ ዱብ አለ። የልምምድ ተራው ደርሶ ክሊኒኩ ላይ ሊተካኝ ነው የመጣው። እንዴት አድርጌ ልየው እያልኩ ስንት ቀን ተጨንቄ ነበር። ገና ሲያየኝ አቀፈኝ። ዛሬ በጠዋት ከእኔ ጋር ማሳው ላይ ተገኘ፣ ማጭድ ተውሶ። የደንቢያ ገበሬ ልጅ ነው፤ ገና ሲጀምር ጥሎኝ ሄደ።

"አንተ ደግሞ ማነህ?" አሉ አያ አለኸኝ።

"ወንፈል ልመልስ ነው። የዚህ ልጅ ቀን አለብኝ። ዋንጫ ያነሣሁት በሱ ቦታ ቆሜ ነው።"

"የለም!" አልኩ። "ያለብኝማ እኔ ነኝ። እኔ ገብስ ሳጭድ እኔን ተክቶ የቆመው እሱ!"

"አንተ ቦታህን ሰጠኸኝ!"

"አንተ ጉልበትህን!"

ተካረርን። ሰው ማጭዱን ጥሎ ያየናል። አያ አለኸኝ ሁለታችንንም አዳመጡ፣ እንደ ዳኛ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እሱን ጎንደር ስትገናኙ ትፋረዳላችሁ። ዛሬ ያለባችሁ ለእኔ ነው። እጨዱ!"

አጨድን። በዕረፍት ሰዓት አበረ አሰልጣኙ ያለውን ነገረኝ። ለጥምቀቱ ግጥሚያ ሁለታችንንም ያየናል፣ የበለጠው ይቆማል። እንግዲህ አበረን መብለጥ ነው። ከብዶኛል፣ ግን አልፈራሁም። ግድግዳውን ለእሱ አስረክቤዋለሁ፤ ዘበኛው እንዳይሰማ።

እትዬ ድንቅነሽ ተራቸው ሳይሆን መጡ፣ ቆሎ ይዘው። ከዚያው ገብስ ነው። አበረን አየት አደረጉና "ዋንጫውን ያነሣኸው አንተ ነህ? ቆሎ ብላ" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ለከርሞም ገብሴን ቀድሜ ልያዝብህ ወይ?"

ከርሞ ወዴት እንደምመደብ አላውቅም። በመስከረም ቢሆን "ቃል አልገባም" እል ነበር። ከሰው እጅ አልገባም እያልኩ የመጣሁ ሰው አሁን የስንቱ ቀን አለብኝ? የአበረ፣ የአዛናው፣ የዚያ ፊቱን የሚያጠቁር ባለሱቅ እንኳ... ደስ ይላል መሰለኝ።

"ይያዙ" አልኩ። "እኔ ካልመጣሁ ሰው እልካለሁ።"

"ሰው አለህ?" አሉ፣ እንደዚያን ቀን።

ከነዶው ማዶ አበረ ቆሎ የሞላውን እጁን ወደ ላይ አወጣ።