የኮከቡ መርዶ

ይድረስ ለአባየ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ሞላህ። ለእኔ ግን ገና አሥራ አንድ ቀን ይቀረዋል፤ የሰማሁት ያን ያህል ዘግይቼ ነውና።

እማየ ደህና ናት። ሰሊጡም ዘንድሮ አምሮበታል፣ አጨዳው ደርሷል። እኔ እዚሁ ሽንፋ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ያልተለወጠው ኩርፊያዬ ነው። ይቺ ቂመኛ ትለኝ አልነበር? ከወንድሜ ከይርጋ ጋር ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ነገር የለንም።

አንተ ስታርፍ እኔ ጎንደር ፈተና ላይ ነበርሁ። ይርጋ ፈተናው እስኪያልቅ መርዶውን ደበቀኝ። ስደውል አባየ እርሻ ወርዷል፣ እዚያ ኔትወርክ የለም ይለኛል። ጫጫታ ስሰማ ደግሞ ገበያ ነኝ ይላል። ለካ የለቅሶው ድንኳን ደጃፍ ቆሞ ኖሯል! እኔ ሞኟ ሸሚዝ ገዝቼልህ፣ ቀለሙን ትወደው ይሆን እያልሁ ስስቅ ከረምሁ። ስመለስ ሸሕዲ ከተማ አክስቴ ቤት አሳደሩኝና ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች አረዱኝ። አፈር ሳላለብስህ ቀረሁ። ይህን ነው ለይርጋ ይቅር ማለት ያቃተኝ።

ሰሞኑን በሬዲዮ አንድ ዜና ሰማሁ። እጅግ ሩቅ በሆነ ጠመዝማዛ ጋላክሲ ውስጥ አንድ ኮከብ ፈንድቶ ታየ፤ ሱፐርኖቫ ይሉታል። አንተ ትዝ አልኸኝ። በሙቀቱ ወራት አልጋችንን ግቢ አውጥተን ስንተኛ፣ ከዋክብቱን ልቁጠርላችሁ ብለህ ሃያ ሳትደርስ ታንኮራፋ ነበር።

ዜናውን ለእማየ አወራሁላት። ኮከቡ የሞተው ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ብርሃኑ መንገድ ላይ ቆይቶ መርዶው ገና አሁን ደረሰን አልኋት። ነፍስ ይማር አለች እኮ! ሳቄ መጣ።

አጠገባችን ማጭድ ሲስል የነበረው ይርጋ ግን አልሳቀም። እስካሁን ኮከቡን ያዩት ሁሉ በሕይወት እንዳለ ነው ያዩት ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልሁት። አንገቱን ደፋ። ከዚያ፣ እሱ አባት ባይኖረውም እኔ ለጥቂት ቀን እንኳ እንዲኖረኝ ብሎ፣ ስልክ በደወልሁ ቁጥር እንባውን እየጠረገ ይስቅልኝ እንደነበር ነገረን።

ሁለት ዓመት ሙሉ የራሴን ለቅሶ እንጂ የእሱን አላሰብሁም ነበር። ተነስቼ ያን ሸሚዝ ከሳጥን አወጣሁና ሰጠሁት። እጅጌው አጥሮታል፤ ምን ቸገረኝ ብሎ ለብሶት አጨዳ ሊወርድ ነው።

እንግዲህ ሙት ዓመትህን ከእነሱ ጋር በአንድ ቀን አስባለሁ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አሥራ አንድ ቀኖች ግን ለብቻዬ እይዛቸዋለሁ። ለእኔ በሕይወት የነበርህባቸው ናቸውና አልረሳቸውም።

ቂመኛዋ ልጅህ